በሠንጠረዥ ያደገው ዘይት በማን ድስት ገባ? ስለ ምግብ ዘይት አቅርቦት ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ በምሥራቅ አፍሪካ የምግብ ዘይት አቅርቦት ባለፉት ሃያ ዓመታት የተጓዘበትን መንገድ ካሳየ በኋላ ለአዲስ አበባ አንባቢ አራት ድምዳሜዎችን አቅርቧል። የመጀመሪያው የነፍስ ወከፍ የዘይት አቅርቦት ስላደገ አመጋገባችን ተሻሽሏል የሚል ነው። ሁለተኛው ዘይት ሁሉ የሚሰጠው ጉልበት እኩል ስለሆነ ፓልም ይሁን ኑግ ልዩነቱ የጣዕም ብቻ ነው ይላል። ሦስተኛው ከውጭ ጥገኝነት የምንወጣው ትልልቅ ፋብሪካዎችን በመትከልና ሰሊጥ ወደ ውጭ መላክን በማቆም እንደሆነ ይናገራል። አራተኛው ደግሞ ዘይት በቫይታሚን እንዲበለጽግ ስለተወሰነ የሥነ ምግቡ ጉዳይ እልባት አግኝቷል ሲል ይዘጋዋል፤ ሸማቹ የሚያየው ዋጋውን ብቻ ስለሆነ ስለ ዘይቱ ዓይነት ማስረዳት ትርፉ ድካም ነው የሚል ሐሳብም ጨምሮበታል። ጸሐፊው ጉዳዩን በቁጥር ለመመርመር መነሣታቸው ያስመሰግናቸዋል፤ በእኛ ዘንድ ስለ ዘይት የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ወይ የዋጋ እሮሮ ወይም «ፓልም መርዝ ነው» የሚል ማስፈራሪያ ነውና። ነገር ግን ዘይቱ ከየት እንደመጣ፣ ከየትኛው ዘር እንደተጨመቀና በማን ድስት እንደገባ ሳይጠየቅ የአቅርቦት ቁጥር ብቻውን የአመጋገብ መለኪያ ሊሆን አይችልም። ከአራቱ ድምዳሜዎች ጋር የማልስማማው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጸሐፊው መነሻ ያደረጉት ቁጥር የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ማለትም ፋኦ፣ ከሚያዘጋጀው የምግብ ሚዛን ሠንጠረዥ የተወሰደ ነው። በዚህ ሠንጠረዥ አገር ውስጥ በተመረተው ላይ ከውጭ የገባው ይደመራል፤ ወደ ውጭ የተላከው፣ ለዘር፣ ለመኖና ለኢንዱስትሪ የዋለው እንዲሁም በመንገድና በመጋዘን የባከነው ይቀነሳል፤ የክምችት ለውጡም ታስቦ የቀረው ለሕዝብ ቁጥር ይካፈላል። ስለዚህ የሚነግረን ለምግብነት የቀረበውን መጠን እንጂ የተበላውን አይደለም። በድንበር ሳይመዘገብ የገባ ጀሪካን አይታይበትም፤ በካዛንቺስ ሆቴል ኩሽና ተጠብሶበት የተደፋ ዘይት ግን ከቀረበው ምግብ ጋር ተቆጥሮ ይቀራል። ከዚህም በላይ ሠንጠረዡ አማካይ ነው። በቦሌ መንገድ ዳር በየቀኑ ጥብስና ቺፕስ የሚበላው ወጣትና በገጠር ወጡን ያለ ዘይት የምትሠራው እናት በአንድ ቁጥር ውስጥ ተደምረው ለሁለት ተካፍለዋል። አማካዩ ሲያድግ ከሁለቱ የማንኛቸው ድርሻ እንዳደገ ሠንጠረዡ አይናገርም፤ ጸሐፊውም አልጠየቁም።

ይህን ስል የዘይት መጨመር ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም በእኛ አገር ያለው ዋጋ ከብዙዎች የላቀ ነው። ፋኦና የዓለም ጤና ድርጅት በጋራ ያወጡት ምክር አንድ አዋቂ ከሚያገኘው ጉልበት ቢያንስ 15 በመቶው፣ በመውለድ ዕድሜ ላይ ለምትገኝ ሴት ደግሞ 20 በመቶው ከቅባት እንዲመጣ ይጠይቃል። በቀን 2,100 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 15 በመቶው 315 ካሎሪ ነው፤ አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ስለሚሰጥ ይህ 35 ግራም ማለት ነው፤ ለሴቲቱ ወደ 47 ግራም ይጠጋል። ጤፍ፣ በቆሎና ስንዴ ዋና ምግቡ የሆነ ቤተሰብ ይህን ከእህል ብቻ ማግኘት አይችልም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም ገደማ ስለሆነ 120 ካሎሪ የሚጠጋ ጉልበት በትንሽ መጠን ይዞ ይመጣል፤ የጎመኑና የካሮቱ የቫይታሚን ኤ መነሻ ንጥረ ነገርም በደንብ ወደ ሰውነት የሚገባው አብሮት ቅባት ሲኖር ነው። በጾም ወራት ቅቤውም ወተቱም ከማዕድ ስለሚነሣ በዓቢይ ጾም 55 ቀናትና በየረቡዕና ዓርቡ የብዙ ክርስቲያን ቤተሰብ ዋና የቅባት ምንጭ ቁሌቱ ላይ የምትፈሰው ዘይት ትሆናለች። እንግዲህ የእኛ ጥያቄ መሆን ያለበት አቅርቦቱ በአማካይ አደገ ወይ የሚለው ሳይሆን፣ ዋጋ ሲንር ከቁሌቱ ላይ የምትቀነሰው የማን ማንኪያ ናት የሚለው ነው።

ይህ ደግሞ ወደ ምንጩ ይወስደናል፤ ጽሑፉ ቀጠናውን በአንድ ወደ ላይ በሚወጣ መስመር መሳሉ ብዙ ነገር ሸፍኗልና። ኬንያ በሞምባሳ ወደብ የሚገባ ድፍድፍ ፓልም እያጣራች ለራሷም ለጎረቤቶቿም ታቀርባለች። ታንዛኒያ በሲንጊዳና በዶዶማ የሱፍ አበባ እርሻ ላይ የተመሠረተ የራሷ ጭመቃ አላት። ዩጋንዳ በቪክቶሪያ ሐይቅ ካላንጋላ ደሴቶች ላይ ፓልም ተክላለች። ሱዳን በሰሊጥና በለውዝ ከአፍሪካ ቀዳሚ ከሚባሉት አምራቾች አንዷ ሆና ሳለ ከሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጦርነት እርሻዋንም ገበያዋንም አናግቶታል። እኛ ደግሞ የኑግ መገኛ አገር ሆነን፣ ሰሊጣችንን ለቻይናና ለእስራኤል ገበያ እየላክን፣ የከተማ ድስታችንን በአብዛኛው ከማሌዥያና ከኢንዶኔዥያ በመጣ ፓልም እንሞላለን። የእነዚህ አገሮች ቁጥር አንድ ላይ ሲደመር የሚያድግ መስመር ይወጣል፤ ነገር ግን ያደገው በአንዱ ዘንድ ምርት ሲሆን በሌላው ዘንድ የውጭ ምንዛሪ ወጪ ነው።

የሁለቱን ልዩነት በ2022 እ.ኤ.አ. በገዛ ኪሳችን አይተነዋል። የዓለም ባንክ የዋጋ መዝገብ እንደሚያሳየው በ2019 አንድ ቶን ፓልም ዘይት በአማካይ 600 ዶላር ገደማ ነበር። የካቲት 2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር በዓለም ትልቁ የሱፍ አበባ ዘይት ላኪ ከገበያ ወጣች፤ ገዢው ሁሉ ወደ ፓልም ዞረ፤ በመጋቢት የቶኑ ዋጋ ከ1,700 ዶላር አለፈ። ኢንዶኔዥያ የራሷን ገበያ ለማረጋጋት ከኤፕሪል 28 እስከ ሜይ 23 የፓልም ዘይት ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለች። ከዓለም የፓልም ዘይት ከአምስት አራት እጅ በላይ የሚወጣው ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ ስለሆነ መርካቶ ያለው ጀሪካን ጃካርታ ላይ በተነገረ ውሳኔ ተወደደ። መንግሥት ዘይትን ጨምሮ መሠረታዊ ሸቀጦች በፍራንኮ ቫሉታ፣ ማለትም አስመጪው ከባንክ ዶላር ሳይጠይቅ በራሱ የውጭ ምንዛሪ፣ እንዲገቡ የፈቀደው፣ በሸማቾች ማኅበራት በር ላይ ሰልፉ የረዘመው በዚያ ወቅት ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር መደረጉ ደግሞ ከውጭ የሚገባውን ዘይት ከምንዛሪው ጋር ይበልጥ አስሮታል። ጸሐፊው ይህን ጊዜ «ጊዜያዊ መንገጫገጭ» ብለው አልፈውታል። ለሠንጠረዡ ጊዜያዊ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ዓመት ነፍሰ ጡር ለነበረች ሴትና በእናቷ ጡት ላይ ለነበረች ሕፃን ግን ጊዜያዊ የሚባል ነገር አይደለም።

ወደ ሁለተኛው ድምዳሜ ልለፍ። ጉልበቱ እኩል መሆኑ እውነት ነው፤ 100 ግራም ፓልምም 100 ግራም ኑግም 900 ካሎሪ የሚጠጋ ይሰጣሉ። ልዩነቱ በውስጣቸው ባለው የስብ ዓይነት ነው። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ የሚባለው የሚረጋ ስብ ነው፤ በአዲስ አበባ የሐምሌ ብርድ ጀሪካኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ የምናየውም ይኸው ነው። ሰውነት ራሱ ሊሠራው የማይችለው ሊኖሊክ አሲድ የተባለው የማይረጋ ስብ ግን በፓልም ውስጥ ከአሥር እጅ አንዱን ያህል ብቻ ነው። በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ የሚበቅለው ኑግ ዘይቱ ወደ 70 በመቶ የሚጠጋው ሊኖሊክ አሲድ ሲሆን የሚረጋው ስብ ከአምስት አንድ እጅ አይሞላም። ሰሊጥ በመካከል ሆኖ ኦሊክና ሊኖሊክ የተባሉትን ሁለት የማይረጉ ስቦች በተቀራራቢ መጠን ይዟል። እንዲህ የተለያዩ ነገሮችን «ልዩነቱ የጣዕም ነው» ማለት አይቻልም።

ቢሆንም ከዚህ ተነሥቶ ፓልምን መርዝ ማለት ስህተት ነው፤ በዚህ ነጥብ ላይ ከጸሐፊው ጎን እቆማለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚረጋ ስብ ከዕለቱ ጉልበት ከ10 በመቶ እንዳያልፍ ይመክራል። በቀን 20 ግራም ፓልም ዘይት የሚያገኝ ሰው ከእርሱ የሚያገኘው የሚረጋ ስብ 10 ግራም፣ ማለትም 90 ካሎሪ ነው፤ ከ2,100 ካሎሪ ሲሰላ ከ4 በመቶ ትንሽ ይበልጣል። ሥጋና ቅቤ በዓመት ጥቂት ቀን ለሚያይ ቤተሰብ ይህ የሚያስጨንቅ አይደለም፤ ዘይቱን ማጣቱ የባሰ ጉዳት አለው። በሌላ በኩል ጠዋት ቦምቦሊኖ፣ ቀን ጥብስ፣ ማታ ቅቤ የተነጠረበት ክትፎ የሚያዘወትር የከተማ ሰው ያን ገደብ ሳያውቀው ያልፈዋል። ስለዚህ ስለ አንድ ዘይት ጥሩነት ወይም መጥፎነት ከመናገር በፊት የሚበላውን ሰው ማዕድ ማወቅ ያስፈልጋል። ለሳምቡሳና ለቦምቦሊኖ መጥበሻ ደግሞ ፓልም ከኑግ ይሻላል፤ ኑግ በሊኖሊክ አሲድ የበለጸገ በመሆኑ በከፍተኛ ሙቀት ደጋግሞ ሲጠበስበት በቶሎ ይበላሻል። በዚያው ልክ ለወጥና ለሰላጣ የሚመረጠው ኑጉ ነው። ሁለቱም ጋር እምብዛም የሌለው ኦሜጋ ሦስት የሚባለው ስብ በተልባ ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ እናቶቻችን ቆልተውና ፈጭተው በጾም የሚያቀርቡት ተልባ በማንኛውም የዘይት ሠንጠረዥ ላይ ሳይጻፍ የሚሠራ ምግብ ነው።

ጽሑፉ ምዕራብ አፍሪካውያን ፓልምን ለዘመናት መብላታቸውን በማስረጃነት መጥቀሱን በአጭሩ ልመልስ። እነርሱ በባህላቸው የሚበሉት ያልተጣራ ቀይ የፓልም ዘይት ሲሆን ቅላቱ የመጣው ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ ከሚለውጠው ካሮቲን ነው። እኛ ዘንድ የሚደርሰው ተጣርቶና ቀለሙ ወጥቶ ስለሆነ ካሮቲኑ አብሮ ሄዷል።

ኑግንም ቢሆን ያለ እንከን ማቅረብ ለአንባቢ አይጠቅምም። በየሰፈሩ በትንንሽ መጭመቂያ የሚወጣው የኑግ ዘይት ብዙ ጊዜ አይጣራም፤ በርካሽ ዘይት የሚደባለቅበት አጋጣሚም አለ። በአግባቡ ያልተከማቸ ዘር አፍላቶክሲን የሚባለውን የሻጋታ መርዝ ይይዛል፤ ዘሩ ሲጨመቅ የመርዙ አብዛኛው ክፍል ከጭመቃው ወደሚተርፈው ፋጉሎ ይሄዳል፤ ፋጉሎው ደግሞ ለላም ይሰጣል። በ2016 እ.ኤ.አ. ታትሞ የወጣ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ከሚገኙ ወተት አምራቾች በተወሰዱ የወተት ናሙናዎች ላይ ይህን መርዝ አግኝቷል፤ አብዛኞቹ ናሙናዎች የአውሮፓ ኅብረት ከፈቀደው መጠን በላይ ነበሩ፤ ለብክለቱም ዋና ምንጭ ሆኖ የተገኘው የኑግ ፋጉሎ ነው። የዘይት ጉዳይ ከወተት ጉዳይ ጋር በዚህ መንገድ ይገናኛል። ጸሐፊው የኑግ ጭመቃን «ኋላቀር» ብለው ሲያጣጥሉት ይህን ቢያነሱ ኖሮ ክርክራቸው ጠንካራ ይሆን ነበር፤ መፍትሔው ግን ኑግን መተው ሳይሆን የዘሩን ማድረቂያና መጋዘን ማሻሻል ነው።

ከሁሉ ይበልጥ መቆም የሚገባኝ ሦስተኛው ላይ ነው፤ ፋብሪካ ከተተከለ ዘይት ይኖራል የሚለው አስተሳሰብ ከጽሑፉ አልፎ በብዙ ውሳኔ ሰጪዎች ዘንድ ያለ ነውና። በ2013 ዓ.ም. በቡሬ የተመረቀው የፊቤላ ፋብሪካ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም እንዳለው ተነግሯል። ይህን አቅም በአገር ውስጥ ዘር ብቻ ለመሙላት ምን ያስፈልጋል? 1.5 ሚሊዮን ሊትር ዘይት 1.38 ሚሊዮን ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከአንድ ኩንታል የቅባት እህል 35 ኪሎ ዘይት ይወጣል ብለን በልግስና ብናሰላ በቀን ወደ 39,000 ኩንታል፣ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ ደግሞ ከ11 ሚሊዮን ኩንታል በላይ ዘር ይፈልጋል። ፋብሪካው ከመመረቁ በፊት በነበሩት ዓመታት የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ የመኸር ጥናት ለመላ አገሪቱ የመዘገበው የቅባት እህል፣ ሰሊጡም ኑጉም ተልባውም ለውዙም ተደምሮ፣ 8 ሚሊዮን ኩንታል ገደማ ነበር። ስለዚህ አንድ ፋብሪካ ብቻ በሙሉ አቅሙ ቢሠራ የአገሪቱን የቅባት እህል በሙሉ ጨምቆ ዘሩ አይበቃውም ነበር። በዚህ ምክንያት ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ድፍድፍ ፓልም ከውጭ እያስገቡ ወደ ማጣራት አዘነበሉ፤ ዶላር ሲጠፋም ማሽናቸው ቆመ። ማጣሪያ ሥራ ይፈጥራል፤ ከተጣራ ዘይት ይልቅ ድፍድፉን ማስገባትም የተወሰነ ዶላር ያተርፋል፤ ጥገኝነቱን ግን ከጀሪካን ወደ ቦቴ ከማዛወር በቀር አያስቀርም።

እጥረቱ ያለው ማሳው ላይ ነው። ኑግ ውኃ በሚቋጥር ጥቁር መሬትና ሌላ ሰብል በማይወደው ደካማ አፈር ላይ ሳይቀር ይበቅላል፤ ቀጥሎ ለሚዘራው እህል መሬቱን ያዘጋጃል፤ አበባው በጎጃምና በወለጋ ለንብ ሲሳይ ነው። በአንጻሩ ከሄክታር የሚገኘው ምርት ብዙውን ጊዜ ከ10 ኩንታል በታች ነው። አበባው በራሱ ብናኝ ዘር ማፍራት ስለማይችል ንብ ከሌላ ተክል ብናኝ ልታመጣለት የግድ ነው፤ ይህም አንድ ወጥ የተሻሻለ ዝርያ አውጥቶ ጠብቆ ማቆየትን ለተመራማሪ ከባድ አድርጎታል። ከአንድ ሄክታር ኑግ 3 ኩንታል ዘይት ብናገኝ ከአንድ ሄክታር የፓልም ተክል የሚገኘው የዓለም አማካይ ከዚህ አሥር እጥፍ በላይ ነው። የዋጋ ልዩነቱ ሥር ይኸው ነው፤ ማንም ነጋዴ በክፋት የፈጠረው አይደለም። ይህ ልዩነት የሚጠብበው በዝርያ ምርምር፣ በንብ እርባታ፣ በአረም ቁጥጥርና ለገበሬው ከጤፍና ከስንዴ ጋር የሚወዳደር ዋጋ በመስጠት ነው፤ ጎን ለጎንም በመስኖ መሬት የሱፍ አበባን፣ በምዕራቡ አካባቢ አኩሪ አተርን በማስፋፋት። ይህ ሁሉ ሪባን እንደሚቆረጥበት ሥራ ለዓይን አይታይም፤ ዓመታትም ይፈጃል።

የሰሊጥ ኤክስፖርት ይቁም የሚለውም በሒሳብ አይቆምም። ከአንድ ቶን ሰሊጥ የሚጨመቀው ዘይት ግማሽ ቶን ገደማ ነው። ፓልም በቶን 600 ዶላር በነበረበት በ2019 አንድ ቶን የሑመራ ወይም የመተማ ሰሊጥ ከ1,000 ዶላር በላይ ስለሚያወጣ በዚያው ገንዘብ ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ፓልም ይገዛ ነበር። ጸሐፊው «ወርቃችንን ሸጠን መዳብ እንገዛለን» ማለታቸው ስሜቱ ይገባኛል፤ ሰሊጡን ለድስት ብንጨምቀው ግን ያለን ዘይት ያንሳል፣ ዶላሩም ይቀራል። ይልቅስ ቆም ብለን ልንጠይቅ የሚገባው ስለ ኑጉ ነው፤ ከኑጋችን የተወሰነው በሙቀት ታክሞ በአሜሪካ ጓሮዎች ለወፍ መኖ ይውላል፤ እዚህ ያለው ጨማቂ ደግሞ ዘር አጥቶ የዓመቱን ግማሽ መጭመቂያውን ዘግቶ ይቀመጣል። እገዳ ገበሬውን ስለሚጎዳ አልደግፈውም። ጨማቂዎች ተደራጅተው በመኸር ወቅት ዘር የሚገዙበት ብድር ቢያገኙ ግን ከላኪው ጋር በዋጋ መወዳደር ይችላሉ፤ ፋጉሎውም እዚሁ ቀርቶ ለከተማዋ ወተት አምራቾች መኖ ይሆናል።

አራተኛውን ድምዳሜ በተመለከተ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. የምግብ ዘይት በቫይታሚን ኤና ዲ እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደረጃ መጽደቁ መልካም ውሳኔ ነው፤ ኬንያ፣ ዩጋንዳና ታንዛኒያም ከእኛ ቀድመው ሄደውበታል። ይሁን እንጂ ቫይታሚን ኤ በብርሃንና በሙቀት ይጠፋል፤ ፀሐይ በሚያገኘው የሱቅ መደርደሪያ ላይ በነጭ ፕላስቲክ ተቀምጦ የከረመ ዘይትና ከትልቅ ጀሪካን በግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ እየተቀዳ የሚሸጥ ዘይት ፋብሪካው የጨመረውን ያህል ይዞ ወደ ቤት አይገባም። ቀድቶ የሚገዛው ደግሞ አምስት ሊትር በአንድ ጊዜ ለመግዛት አቅም የሌለው፣ ቫይታሚኑም ይበልጥ የሚያስፈልገው ሰው ነው። ብልጸጋው ጨርሶ የማይነካቸው በትንንሽ መጭመቂያዎች የሚወጡ ዘይቶችም አሉ። ቁጥጥሩ በፋብሪካ በርና በጉምሩክ ላይ ብቻ ከቀረ ደረጃው የታሰበለትን ሰው ሳይደርስ ይቀራል፤ ናሙና ከሱቅም መወሰድ አለበት፤ ብርሃን በማያሳልፍ በትንሽ መጠን የታሸገ ዘይትም በሸማቾች ማኅበራት በኩል መቅረብ ይኖርበታል።

ሸማቹ ዋጋ እንጂ ዓይነት አያይም የተባለውን ግን የገዛ ገበያችን ያስተባብለዋል። የኑግ ዘይት ከፓልም እየተወደደም ከአራት ኪሎ እስከ መርካቶ ገዢ አጥቶ አያውቅም፤ እህል በረንዳ ሄደው ዘሩን ራሳቸው ገዝተው፣ አስለቅመው፣ ሲጨመቅ ቆመው የሚጠብቁ እናቶች አሉ። እነዚህ ሰዎች ስለሚበሉት ነገር ለማወቅ ጊዜያቸውንም ገንዘባቸውንም ይከፍላሉ፤ ከሻጩ በኩል የሚያገኙት ግን ብዙ ጊዜ «የምግብ ዘይት» የሚል ጽሑፍና የአበባ ሥዕል ነው። በጀሪካኑ ፊት ለፊት፣ በአማርኛም ሆነ በሌሎች ቋንቋዎቻችን በሚነበብ ፊደል፣ ዘይቱ ከየትኛው ዘር እንደወጣ፣ ድብልቅ ከሆነ የእያንዳንዱ ድርሻ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ የሚረጋው ስብ መጠንና የተበለጸገበት ቀን እንዲጻፍ ማድረግ ፋብሪካም ዶላርም የማይጠይቅ እርምጃ ስለሆነ ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ ሊተገበር ይችላል።